የወጌሻው እጅና የማሳጅ ቤቱ መጋረጃ

በከተማችን ለአንድ ሥራ ሁለት ስም አለን። እግሩ ወለም ያለው ሰው ወደ ወጌሻ ይሄዳል፤ ወገቡ የተያዘ ባለመኪና ደግሞ ወደ ማሳጅ። የመጀመሪያውን ስም ስንጠራ ፊታችን ላይ ንቀት ይነበባል፤ ‹‹ያልተማረ፣ ያገር ቤት ሰው›› ማለታችን ነው። ሁለተኛውን ስንጠራ ግን ከንፈራችን ጥግ ላይ አንዲት ፈገግታ ብቅ ትላለች። ምን ዓይነት ፈገግታ እንደሆነች ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። በንቀቱና በፈገግታው መካከል የጠፋብን ነገር ምንድን ነው ቢባል እጅ ነው። የታመመ ገላ አውቆ የሚዳስስ፣ የት መጫን እንዳለበትና የት መንካት እንደሌለበት የሚያውቅ፣ የሠለጠነ የሰው እጅ።

ይህ ጽሑፍ የማሳጅን ጥቅም ለማወደስ አልተጻፈም። ውዳሴውማ በየግድግዳው ተለጥፎ ሞልቷል። ጠቤ በመጀመሪያ ከዚያ ውዳሴ ጋር ነው፤ ቀጥሎም ሙያውን ከሺሻ ቤት ጋር በአንድ ትንፋሽ ከሚጠሩት ጋር፤ ከሁሉም በላይ ግን በሁለቱ መካከል ተቀምጠው ስማቸው ሲጠፋ ዝም ከሚሉት ከራሳቸው ከባለሙያዎቹ ጋር ነው።

እስቲ ከግድግዳው እንነሳ። በአዲስ አበባ ካሉት ፎቆች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በአንድ ቤት መግቢያ የተለጠፈ የዋጋ ዝርዝር በቅርቡ ቆሜ አንብቤ ነበር። ስዊድሽ፣ ታይ፣ ሺያትሱ፣ ዲፕ ቲሹ፣ ሆት ስቶን፣ አሮማ ይላል። ከእያንዳንዱ ጎን ዋጋው፣ ከዋጋው ሥር ደግሞ የሚያድነው በሽታ። አንዱ ስኳር ያወርዳል፤ አንዱ የደም ግፊት ያስተካክላል፤ አንዱ ከሰውነት መርዝ ያስወግዳል፤ አንዱ ቦርጭ ያጠፋል። ዝርዝሩን አንብቤ ስጨርስ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እስካሁን ለምን ክፍት እንደሆነ ገረመኝ።

ለመሆኑ እነዚህ ስሞች ምንድን ናቸው? ስዊድሽ የተባለው፣ ዘይት ተቀብቶ በረጅሙ የሚዳበሰው፣ እንደ ሊጥ የሚቦካው፣ በእጅ ጠርዝ መታ መታ የሚደረገው የማሸት ዓይነት ነው። ስሙ ከስዊድናዊው ከፔር ሄንሪክ ሊንግ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ሊንግ እ.ኤ.አ. በ1813 በስቶክሆልም የጂምናስቲክ ተቋም ያቋቋመ ሰው ነው። ዋና ጉዳዩ ግን የሰውነት እንቅስቃሴ ነበር። ዛሬ በየማሠልጠኛው የሚሸመደዱትን አምስቱን የእጅ አካሄዶች በፈረንሳይኛ ስማቸው በመልክ አደራጅቷል የሚባለው ዮሐን ጌኦርግ ሜዝገር የተባለ የሆላንድ ሐኪም ነው። እንግዲህ ስዊድሽ የምንለው ነገር ስሙ ከስዊድን፣ ቃላቱ ከፈረንሳይ፣ ሥርዓቱ ከሆላንድ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ በኑግ ዘይት ይታሻል ማለት ነው። ይህን ስል ማሾፌ አይደለም፤ ሙያ እንዲህ እየተዋሰ ነው የሚያድገው።

ታይ የሚባለው ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ዘይት የለውም። ታሺው ልብሱን እንደለበሰ ወለል ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ ይተኛል፤ አሺው በመዳፉ፣ በክርኑ፣ አንዳንዴም በጉልበቱና በእግሩ እየተጫነ እጅና እግሩን ይስብለታል። ባንኮክ ውስጥ ዋት ፎ በተባለው ቤተ መቅደስ ግድግዳዎች ላይ፣ በሦስተኛው ራማ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ፣ የዚህ ጥበብ ትምህርት በድንጋይ ተቀርጿል። ንጉሡ እውቀቱ በጥቂት ሰዎች እጅ ተይዞ እንዳይቀር ማንም መጥቶ እንዲያነበው ብለው ነው ያስቀረጹት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 የታይን ማሸት በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ‹‹የማይዳሰስ›› የሚለው ቃል ለዚህ ሙያ ሲውል ትንሽ ያስቃል፤ ይሁን።

ሺያትሱ የጃፓን ነው፤ በአውራ ጣት መጫን ይበዛበታል፤ በዚያ አገር መንግሥት ፈትኖ ፈቃድ የሚሰጥበት ሙያ ነው። ዲፕ ቲሹ ቀስ ብሎ ጠንክሮ መጫን ነው። ሆት ስቶን የጋለ ድንጋይ ነው። ሙቀት የተያዘ ጡንቻን እንደሚያፍታታ ለማወቅ እኛ ከማንም መማር አያስፈልገንም ነበር። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ገላቸውን በሚታጠቡበት በፍልውሃ አጠገብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እነዚህ ሁሉ ዓይነቶች በዋጋ ይለያያሉ። በጥቅምስ? በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት ለብዙ ጊዜ የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 401 ሰዎች በዕጣ ለሦስት ከፈለ። አንዱ ወገን የተለመደ ሕክምናውን ብቻ ቀጠለ። ሁለተኛው በሳምንት አንድ ጊዜ ለ10 ሳምንታት ለስለስ ያለውንና ለማዝናናት የሚሰጠውን ማሳጅ ታሸ። ሦስተኛው በዚያው ልክ ጡንቻና ጅማቱን እየፈለጉ የሚያክሙበትን፣ ጠለቅ ያለውንና ልዩ ሥልጠና የሚጠይቀውን ዓይነት ታሸ። ከ10 ሳምንት በኋላ የታሹት ሁሉ ካልታሹት ተሻላቸው፤ ማጎንበስና መነሣት ቀለላቸው። በሁለቱ የማሳጅ ዓይነቶች መካከል ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ለወገቡ የሚሄድ ሰው እንግዲህ ለውዱ ስም ሲከፍል የሚከፍለው ለስሙ ነው።

ይህም ቢሆን ጠንቀቅ ብሎ መነገር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ወገብ ሕመምና ስለ ማሳጅ የተደረጉ 25 ጥናቶችን አሰባስቦ የመዘነ አንድ ትልቅ ግምገማ ወጥቶ ነበር። የደረሰበትም ድምዳሜ ማሳጅ ለአጭር ጊዜ ሕመም ያስታግሳል፤ ነገር ግን የማስረጃው ጥራት ደካማ ስለሆነ ብዙ መተማመን አይቻልም የሚል ነው። እንዲህ ያለ ቁጥብ አነጋገር በየትኛውም ማሳጅ ቤት ግድግዳ ላይ አላየሁም። ‹‹ወገብዎን ለጥቂት ሳምንታት ሊያቀልልዎት ይችላል›› ብሎ የሚጽፍ ቤት ባገኝ የመጀመሪያው ደንበኛ እኔ ነኝ።

ስለ ‹‹መርዝ ማስወገድ››ም አንድ ነገር ልበል። በሰው አካል ውስጥ መርዝ የማስወገድ ሥራ የተሰጠው ለጉበትና ለኩላሊት ነው። እነርሱም ዘይት ቢቀቡ ባይቀቡ ቀን ከሌት ይሠራሉ። በእጅ ተጨምቆ በቆዳ በኩል የሚወጣ መርዝ የለም። በሯጮቻችንና በአሠልጣኞቻቸው ዘንድ ሥር የሰደደውም ወሬ፣ ማለትም ከልምምድ በኋላ መታሸት ላክቲክ አሲድን ከጡንቻ ጠርጎ ያወጣል የሚለው፣ ከዚህ ብዙም አይሻልም። ላክቲክ አሲድ ሰውየው ሮጦ ከቆመ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ በራሱ ጊዜ ከደም ይወገዳል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት የ11 ወጣት ወንዶችን ጭን እስኪደክም አሠርቶ፣ አንዱን እግር አሽቶ ሌላውን ትቶ፣ ከሁለቱም ቅንጣት ሥጋ ወስዶ መረመረ። ማሸቱ በላክቲክ አሲዱ ላይ ያመጣው ለውጥ አልነበረም። በታሸው እግር ጡንቻ ውስጥ ግን የብግነት ምልክቶች ቀንሰው ተገኙ። ነገሩን ልብ በሉት፤ እጁ ሥራ ይሠራል፤ ግን ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ሥራ አይደለም። እውነተኛ ጥቅም ያለው ነገር በውሸት ማስታወቂያ ለምን ይሸጣል? ውሸቱ በተገለጠ ቀን እውነቱም አብሮ እኮ ነው የሚወድቀው።

ይልቅስ ማንም ግድግዳ ላይ የማይለጥፈውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ውስጥ ያለቀናቸው የተወለዱ 40 ጨቅላ ሕፃናት ላይ አንድ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ግማሾቹን በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ለ15 ደቂቃ፣ ለ10 ቀናት ገላቸውን አሹላቸው፤ እጅና እግራቸውን አጠፍ ዘርጋ አደረጉላቸው። የታሹት ካልታሹት ጋር ሲነጻጸሩ የቀን ክብደታቸው በ47 በመቶ በልጦ ጨመረ፤ ከሆስፒታልም 6 ቀን ቀድመው ወጡ። የሚበሉት ወተት ግን አንድ ዓይነት ነበር። አገር ቤት ያደገ አንባቢ ይህን ሲያነብ አያቱን ማስታወሱ አይቀርም። ሕፃን ታጥቦ፣ ለጋ ቅቤ ተቀብቶ፣ ፀሐይ ላይ ጉልበትና ክንዱ ሲታሽለት ማን ያላየ አለ? ያንን ዕውቀት እኛ ‹‹ኋላ ቀር›› ብለን ስንተወው ሌላው መዝኖ፣ ቆጥሮ፣ ጽፎ የሆስፒታል ሥራ አደረገው። ቁጭቴ የቅናት አይደለም፤ እኛስ ለምን አልመዘንነውም የሚል ነው።

መመዘን ስል ማሞገስ ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። ከአያቶቻችን እጅ ያገኘነው ሁሉ ደኅና አይደለም። ምጥ የጠናባትን ሴት ሆዷን ጠንክሮ ማሸትና መጫን ሕይወት የሚያጠፋ ነገር ነው። ወጌሻም እንዲሁ። ወለምታን፣ ተራ ውልቃትን የሚመልስ እጅ ያላቸው ወጌሾች መኖራቸውን አልክድም፤ ሰው የሚሄድላቸውም በነጻ አይደለም፣ ስለረዱት ነው። ነገር ግን የተሰበረ ክንድ በቀርከሃ ስንጥር ጥፍር አድርጎ ታስሮ፣ ጣቶቹ ሲጠቁሩና ሲደነዝዙ ‹‹መዳኑ ነው›› ተብሎ፣ በመጨረሻ ሆስፒታል ሲደርስ ሥጋው ሞቶ ክንዱ የተቆረጠ ልጅ ታሪክ በአገራችን የአጥንት ሐኪሞች ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም።

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው መልሱ ዝግጁ ነው፤ ‹‹ወጌሻን ማገድ!›› አንድ ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም ግን ሌላ መንገድ ሄደ። 112 ወጌሾችን ሰብስቦ የአንድ ቀን ትምህርት ሰጣቸው። አንድ ቀን ብቻ። ጠብቆ ማሰር ምን እንደሚያመጣ፣ የትኛውን በሽተኛ ሳይነኩ ወደ ሆስፒታል መላክ እንዳለባቸው አስተማራቸው። ከዚያም ከትምህርቱ በፊት የነበሩትን ሁለት ዓመታትና ከትምህርቱ በኋላ የነበሩትን ሁለት ዓመታት በአካባቢው ሆስፒታል መዝገብ አነጻጸረ። ሥጋው ሞቶ የሚቆረጥ እጅና እግር ቢያንስ በግማሽ ቀንሶ ተገኘ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2005 በታወቀ የእንግሊዝ የአጥንት ሕክምና መጽሔት ታትሟል። ለአንድ ቀን ትምህርት የሚያስፈልገውን ወጪ ከአንድ ሰው ሠራሽ እግር ዋጋ ጋር አንባቢ ራሱ ያስላው። እንግዲህ የእኔ ጥያቄ ይህ ነው፤ ይህን የመሰለ ውጤት በእጃችን እያለ ለምን የየወረዳው ልማድ አልሆነም? ወጌሻውን መናቅ ለማን ጠቀመ?

ያው ጥያቄ ወደ ማሳጅ ቤቱም ይመለሳል። ‹‹አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል›› እንደሚባለው፣ ሁለት ሳምንት ተምሮ ምስክር ወረቀት ያሰቀለ ሰው መታሸት የሌለበትንም ያሻል። አንድ እግሩ ብቻ በድንገት አብጦ፣ ሞቆ፣ ባቱን የሚያመው ሰው ደሙ ረግቶ ሊሆን ይችላል። ያንን እግር ማሸት የረጋውን ደም ከቦታው አስነሥቶ ወደ ሳንባ ሊሰደው ይችላል፤ ሰውየውም እዚያው ሊቀር ይችላል። ትኩሳት ያለበት፣ አጥንቱ የተሰበረ፣ ቆዳው የቆሰለ፣ ከአደጋ በኋላ አንገቱን የሚያመው ሰው በማሳጅ አልጋ ላይ ቦታ የለውም። የወገብ ሕመሙ ከእግር መደንዘዝ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካለመቻል ጋር የመጣበትማ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። ይህን ሁሉ ሳይጠይቅ ‹‹በየትኛው ዘይት ይሁንልዎ?›› የሚል ቤት፣ ወለሉ እብነ በረድ ቢሆን ያው ቀርከሃ ነው።

‹‹ታዲያ ምን አስጨነቀህ? ሰው ደክሞት ገንዘቡን ከፍሎ ቢታሽ ምን አለበት?›› የሚል ይኖራል። ምንም የለበትም። ድካም የሚያወጣ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ፣ ጭንቀት ለጥቂት ቀን የሚያቀል እጅ መልካም ነገር ነው፤ እንዲያውም ከብዙ ክኒን ይሻላል። ችግሩ ግን ሰውየው ወደ በሩ ሲቀርብ ከመጋረጃው በስተጀርባ ምን እንዳለ አለማወቁ ነው። ሙያተኛዋም ማን እንደሚገባባት አታውቅም።

እዚህ ላይ ስለ ሴቶቹ ካልተነገረ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ካሉት ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ሙያውን ተምረው፣ የጡንቻውን ስም ሸምድደው፣ ቀኑን ሙሉ በእጃቸው ጉልበት እየሠሩ የሚያድሩ አሉ። ስልኩ ሲጠራ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ‹‹ወገቤን ያመኛል›› አይደለም፤ ‹‹አገልግሎቱ እስከ ምን ድረስ ነው?›› ነው። ለጎረቤት ‹‹ማሳጅ ነው የምሠራው›› ማለት የማትችል፣ ‹‹ውበት ሳሎን›› እያለች የምትኖር ሴት ስንት ትሆን? ደንበኛው አጉል ነገር ሲጠይቃት እንቢ ብትል ባለቤቱ ይቆጣል፤ ቤቱ ቢታሸግ አብራ ትበተናለች። መንግሥት ሰሌዳ ቆጥሮ ሲያሽግ ጥሩውንና መጥፎውን የሚለይበት ሚዛን ከሌለው፣ የሚታሸገው የታማኟ እንጀራ ነው፤ ሌላው በሳምንቱ በሌላ ስም ይከፍታል።

ይህ ፈተና የእኛ ብቻ አይደለም፤ ለዚህም ነው ተስፋ የማልቆርጠው። እ.ኤ.አ. በ1894 በለንደን ከተማ ልክ እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ ነበር። ‹‹ማሳጅ›› የሚል ሰሌዳ የሰቀሉ ቤቶች የዝሙት መሸፈኛ ሆነዋል ተብሎ የሐኪሞቹ መጽሔት በይፋ ጻፈ፤ ከተማው በወሬ ታመሰ። በዚያን ጊዜ በነርስነትና በአዋላጅነት የሠለጠኑ አራት ሴቶች፣ ሉሲ ሮቢንሰን፣ ሮዛሊንድ ፓጄት፣ ኤልዛቤት ማንሊና ማርጋሬት ፓልመር፣ ስማችን ጠፋ ብለው ቤታቸው አልተቀመጡም። በዚያው ዓመት የሠለጠኑ አሺዎች ማኅበር አቋቋሙ። ፈተና አወጡ። ደንብ ጻፉ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚታሽ የለም፤ ወንድ ደንበኛ ሐኪም በተለይ ካላዘዘ በቀር አይታሽም፤ መድኃኒት መሸጥ ክልክል ነው፤ በተራ ጋዜጣ ማስታወቂያ ማውጣትም እንዲሁ። ደንቡን የጣሰች ትሰረዛለች። ዛሬ ያ ደንብ ጥብቅ፣ እንዲያውም የባሰበት ሊመስለን ይችላል። ማኅበሩ ግን እ.ኤ.አ. በ1920 የንጉሥ ቻርተር ተሰጠው፤ ከጊዜ በኋላም የእንግሊዝ ፊዚዮቴራፒስቶች ማኅበር ሆነ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ልጆቻችን በዲግሪ የሚማሩት ፊዚዮቴራፒ አንዱ ሥሩ ስሟን ለማስመለስ ከተነሳችው ከዚያች የለንደን አሺ ነው።

ሩቅ ምሥራቅ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳየናል። በጃፓን ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ፣ ሱጊያማ ዋይቺ የተባለ ዓይነ ስውር የመርፌ ሐኪም ዓይነ ስውራን መርፌና ማሸት የሚማሩባቸውን ትምህርት ቤቶች ከከፈተ ወዲህ፣ ማሸት የዓይነ ስውራን የተከበረ እንጀራ ሆኖ ኖሯል። በደቡብ ኮሪያ የማሳጅ ፈቃድ በሕግ ለዓይነ ስውራን ብቻ የተጠበቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ይህን ከለላ ሲሽረው ዓይነ ስውራኑ አደባባይ ወጡ፤ ከሀን ወንዝ ድልድይ ላይ እስከ መዝለል የደረሱ ነበሩ። ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት ከለላውን በአዲስ ሕግ መለሰው፤ ፍርድ ቤቱም በ2008 አጸናው። ሌላውን ከሙያው ማገድ ተገቢ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሕግ አዋቂዎች እተዋለሁ። እኔን የገረመኝ ሰው ለዚህ ሙያ እስከ ሞት መታገሉ ነው። በእኛ አገር ዓይነ ስውር ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ወይ የቅኔ መምህሩ ወይ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተቀመጠው ነው፤ በመካከል ያሉት ጠበቆችና አስተማሪዎች ብቻቸውን ታግለው የወጡ ናቸው። ጣቱ እንደ ዓይን የሚያይ ሰው ጡንቻ ለመዳሰስ ከማን ያንሳል? ደንበኛዋም መጋረጃ ስትዘጋ የሚያይባት የለም።

ስለዚህ ለባለሙያዎቹ በቀጥታ ልናገር። እናንተ በትክክል የተማራችሁ አሺዎች፣ ፊዚዮቴራፒስቶች፣ የአትሌቶቻችንን ባት ስታሹ የኖራችሁ፣ እናንተም አባቶቻችን ወጌሾች፤ ስማችሁን ሌላ ሰው እንዲያነሳላችሁ አትጠብቁ። ያን ‹‹ስኳር ያወርዳል›› የሚለውን ወረቀት ከግድግዳው ላይ ንቀሉት። በምትኩ የማታሹትን በሽተኛ ዝርዝር ለጥፉ። ከአልጋው በፊት ወንበር አስቀምጡ፤ ሰውየው ይቀመጥና የት እንደሚያመው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ይጠየቅ። የበሩን የውስጥ መቀርቀሪያ አውልቁት። ልጅቷ እንቢ የማለት መብት እንዳላት በትልቁ ተጽፎ ይሰቀል። ሥልጠናው ስንት ወር እንደሆነና ማን እንደፈተነ የሚያሳይ አንድ ዓይነት መታወቂያ ይኑራችሁ። ይህን ለማድረግ የአዋጅ መውጣት አያስፈልግም፤ የለንደኖቹ ሴቶች ሲጀምሩ አራት ነበሩ። የአንድ ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ኪራይ ደግሞ ከሁለት ሆት ስቶን ብዙም አይበልጥም።